ሁሉም «ሰባት ስልሳ ሁለት» አንድ አይደለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ የአውድማውና የሠርጉ ወራት ሲቃረብ ከጎጃም የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት የሚጠይቁ ይሆናሉ። ዘንድሮ የመጡት አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፦ ለአንዱ መሣሪያ የተሠራን ጥይት ሌላው ውስጥ መክተት። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ፈቃድ ያለው ኤም ዋን ጠመንጃ አለኝ። ስምንት ስምንት ሆነው ከሚገቡት ጥይቶቹ የቀሩኝ ሦስት ፍሬ ብቻ ናቸው። አንድ ሰው «ሰባት ስልሳ ሁለት ነው፣ ያንተም ሰባት ስልሳ ሁለት ነው» ብሎ ጥይት ሊሰጠኝ ነው፤ ጥይቱ ግን ከእኔው አጠር ይላል። ማጠሩ ምን ይጎዳል?
*አንባቢ፣ ከሞጣ*

መልስ፦ ይጎዳል። የሰጡዎትን አይክተቱት።

«ሰባት ስልሳ ሁለት» የጥይት ስም አይደለም፤ የስሙ ግማሽ ነው። 7.62 የሚለው ቁጥር የሚናገረው የአፈሙዙን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁን ርዝመት ይናገራል፤ ጥይትን ከጥይት የሚለየው እሱ ነው። በአገራችን እጅ ለእጅ ከሚዞሩት መካከል 7.62 የሚል የጋራ ስም ያላቸው ስድስት ዓይነቶች አሉ። የክላሽና የሲሞኖቩ 7.62×39 ነው። የጂ3ና የኤም 14ቱ 7.62×51 ነው። የሩሲያው መትረየስና የስናይፐሩ 7.62×54 ሲሆን ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። የእርስዎ ኤም ዋን 7.62×63 ነው። የቶካሬቭ ሽጉጥ 7.62×25፣ የትንሿ የአሜሪካ ካርባይን ደግሞ 7.62×33 ነው። ስድስቱም «ሰባት ስልሳ ሁለት» ተብለው ይሸጣሉ፤ አንዱም ግን የሌላው ምትክ አይሆንም።

እርስዎ የገለጹት አጠር ያለ ጥይት የጂ3ው ሳይሆን አይቀርም። በማስመሪያ ይለኩት። ከቂጡ እስከ አረሩ ጫፍ 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ እሱው ነው፤ የኤም ዋኑ ወደ 85 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የሁለቱም ቂጥ ስፋት አንድ ስለሆነ መዝጊያው ይይዘዋል፣ ጥይቱም ይገባል፣ ቃታው ሲሳብም ሊተኩስ ይችላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከባድ ነው። ለክላሽ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3550 ባር ነው፤ ለ7.62×51 ደግሞ 4150 ባር። ለማነጻጸር፣ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ግፊት የሚይዘው ስሱ ቀለህ አይደለም። ቀለሁ ሲያብጥ ዙሪያውን በብረቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሚሸከመው ብረቱ ነው። ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ይህን ክፍል ከዚህ በኋላ ጉሮሮ እንበለው። ጉሮሮው ለ63 ሚሊ ሜትር ቀለህ ተሠርቶ 51 ሚሊ ሜትር ብቻ ያለው ሲገባበት ከፊት 12 ሚሊ ሜትር ባዶ ይቀራል። ቀለሁ የሚደገፍበትን ግድግዳ ፍለጋ ወደፊት ይለጠጣል፤ ሳይደርስ ይሰነጠቃል ወይም ከወገቡ ይበጠሳል። ያ የጋለ ጋዝ መውጫ ፈልጎ በመዝጊያው ዙሪያ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመዝጊያው ማዶ ያለው ደግሞ ጠመንጃውን ጉንጩ ላይ ያስጠጋ ሰው ዓይን ነው።

ሦስቱን ጥይቶች ይዘው ይቆዩ። የሚገጥመውን በሕጋዊ መንገድ እስኪያገኙ ጠመንጃው ያለ ጥይት ቢቀመጥ ክብሩ አይቀንስም።

ጥያቄ፦ አጎቴ ቤልጅግ ነበረው፤ እኔ ኤም ዋን አለኝ። እሱ ከሞተ በኋላ የቤልጅጉ ጥይት ዝናር ሙሉ ቀረ። አንዱን ፍሬ በኤም ዋኔ ሞክሬው ገባ፤ መዝጊያውም ተዘጋ። አልተኮስኩትም። ከገባና ከተዘጋ ይሆናል ማለት አይደለም?
*አንባቢ፣ ከቢቸና*

መልስ፦ እንኳን አልተኮሱት። «ገባ» እና «ይሆናል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም ጨርሶ አልገባ የሚል ጥይት ደግ ነው፤ ሰውን ከራሱ ያድነዋል። የሚያስፈራው ገብቶ የሚቀመጠው ነው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ለዘውዱ ጦር የተገዛው የቤልጅግ ማውዘር የሚበላው 7.92×57 ጥይት ነው። አረሩ 8.2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። በኤም ዋኑ አፈሙዝ ማለፍ ያለበት አረር ግን ውፍረቱ 7.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የ0.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን ምንም አትመስልም፤ ለሚተኮስ አረር ግን የመዳብ ልባስ የለበሰ እርሳስ ከእሱ በጠበበ የብረት ቀዳዳ ውስጥ ተጨምቆ ይለፍ እንደማለት ነው። አረሩ ሲዘገይ ባሩዱ መንደዱን አያቆምም። ግፊቱ ከመጠን አልፎ ይወጣል፤ ቀለሁ ይቀደዳል፣ መዝጊያው ይሰበራል፣ እንጨቱ ከእጅ ስር ይሰነጠቃል። ይህ ጥይትና ጠመንጃ አንድ ላይ እንዳይሞከሩ በመሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ በስም ተጠቅሰው ከሚከለከሉት ጥንዶች አንዱ ነው።

አሁን የገባው ፍሬ ጉሮሮው ውስጥ ከሆነ አፈሙዙን ወደ አፈር ክምር ወይም ሰው ወደሌለበት ገደል አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው መዝጊያውን በቀስታ ይክፈቱ። ጥይቱን ስቦ የሚያወጣው የመዝጊያው ጥፍር ይዞት ካልወጣ በዘንግ ከፊት አይግፉት፤ መሣሪያ ጥገና ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት።

የቤልጅግ ጥይት ለቤልጅግ ብቻ ነው ስንል ደግሞ አንድ ነገር እናክል። በዚህ ጥይት ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ትውልድ አለ። ጀርመኖች በ1888 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመጀመሪያው 8.1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ አረር ነበረው፤ በ1905 ግን ወደ 8.2 አሳደጉት። ቀለሁ ያው ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። የ1888ቱ ጠመንጃ ያለው ሰው ጉሮሮው ላይ «ኤስ» የምትመስል የላቲን ፊደል ተቀርጻ ካላየ ለአዲሱ ጥይት አልተስተካከለም ማለት ነው፤ አይተኩስበት። ተቀርጻ ካየም አፈሙዙን ሳያስለካ አይተማመን።

ውጅግራ ወይም ስናድር ያላችሁም ጻፋችሁልናል። እነዚህ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ውጅግራው በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ያለበትን ማንኛውንም ጥይት በሞረድ አስተካክሎም ሆነ ጨርቅ ጠቅልሎ እነሱ ውስጥ መክተት ብረቱን ካልተሠራለት ግፊት ጋር ማጋጨት ነው። ከግድግዳው አይውረዱ፤ የታሪክ እቃ ናቸው።

ጥያቄ፦ የጥይት ቂጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዴት እናነባለን? ቁጥሩ ካሊበሩን አይናገርም?
*አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ በዚህ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። የጦር ሠራዊት ጥይት ቂጥ ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ነው። አንድ የሶቪየት ፍሬ አንሥተው ቂጡን ወደ ብርሃን ቢያዞሩ ከላይ ለምሳሌ 60፣ ከታች 75 ያያሉ። 60 የፍሩንዜ (የዛሬዋ ቢሽኬክ) ፋብሪካ ቁጥር ነው፤ 75 ደግሞ የተሠራበት ዓመት፣ 1975 እ.ኤ.አ.። 17 ባርናውል፣ 539 ቱላ፣ 270 ሉሃንስክ ናቸው። ከነዚህ አንዱም ስለ ጥይቱ መጠን አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ያው ፋብሪካ የክላሹንም የመትረየሱንም ሊሠራ ይችላል።

ክብ ውስጥ ያለ መስቀል ካዩ ደግሞ የኔቶ መለኪያ ምልክት ነው። 7.62×51 ላይም፣ 5.56×45 ላይም፣ የ9×19 ሽጉጥ ጥይት ላይም ያው መስቀል አለ። ስለዚህ መስቀሉን ብቻ አይቶ «የጂ3 ነው» ማለት አይቻልም። ካሊበሩ በቃል ተጽፎ የሚገኘው በአብዛኛው ለሲቪል በተሠራ ጥይትና በዋናው ሳጥን ላይ ነው። ከሳጥኑ ተለይቶ በፍሬ የሚሸጥ ጥይት መታወቂያውን ጥሎ የመጣ እንግዳ ነው።

በቁመት ብቻም አይፍረዱ። የክላሹ 7.62×39 በጠቅላላ ቁመቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። የአዲሱ ክላሽ 5.45×39 እና የኤም 16ቱ 5.56×45 ደግሞ 57 ገደማ ናቸው። ጎን ለጎን ካልቆሙ ዓይን አይለያቸውም። ቂጣቸውን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለኩ ግን 11.3፣ 10 እና 9.6 ሚሊ ሜትር ሆነው ይለያያሉ። ካሊፐር ከሌለ አረሩን ይዩ፤ የ5.45ቱ እንደ ወስፌ ቀጭንና ረጅም ነው።

ጠመንጃውንም መለየት ያስፈልጋል። 5.45 የሚበላው ክላሽ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ወፍራም ሲሊንደር አለው፣ ካዝናውም ብዙም አይጎብጥም። ሰደፉ የማይታጠፍ ከሆነ ግራና ቀኙ ላይ ቦይ የመሰለ ረጅም ጭረት አለ፤ በጨለማ ሰደፉን በእጅ ዳብሶ እንዲለይ ሆን ተብሎ የተቀረጸ ነው። የ5.45 ፍሬ በትልቁ፣ በ7.62ቱ ክላሽ ካዝና ውስጥ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ቢገባና መርፌው ቢመታው አረሩ በሰፊው አፈሙዝ ውስጥ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ ቀለሁም ደጋፊ አጥቶ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት መሣሪያ ባለበት ቤት ጥይቱ በአንድ ከረጢት አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሠርግ ላይ አንዱ ሲተኩስ ጥይቱ እንደ ወትሮው «ጧ» ሳይል «ጡሽ» አለ። ቀለሁም አልወጣም። ልጁ በእጁ አቀባብሎ ሊደግም ሲል አንድ ሽማግሌ ተቆጥተው አስቆሙት። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም።
*ወጣት አንባቢ፣ ከዳንግላ*

መልስ፦ ሽማግሌው የልጁን እጅና ዓይን፣ ምናልባትም የአጠገቡን ሰው ሕይወት አትርፈዋል።

ባሩዱ ረጥቦ ወይም ጎድሎ ሲሆን ቂጡ መሀል ያለው ማቀጣጠያ ብቻውን አረሩን ከቀለሁ አላቅቆ አፈሙዙ ውስጥ ይገፋዋል፤ ለማስወጣት ግን አቅም ያጣል። አረሩ መሀል መንገድ ላይ ተወትፎ ይቀራል። የድምፁ መሞትና የምቱ መላላት የዚህ ምልክት ነው። ጋዙ ስላነሰ ክላሹ ራሱን አላቀባበለም፤ ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ በእጁ ያቀባብላል። ይቺ ቅጽበት ናት የምታጠፋው። ሁለተኛው አረር በሙሉ ኃይሉ መጥቶ የተወተፈውን ሲያገኘው አፈሙዙ እዚያው ቦታ ላይ እንደ እንቁላል ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ፍንጣሪው ወደ ግራ እጅ፣ ወደ ጎረቤትም ይሄዳል።

እንዲህ ሲያጋጥም ማንም እንዲህ ያድርግ። ጣት ከቃታ ይውጣ። አፈሙዙ ወደ አፈር ዳገት ተዙሮ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ዘግይቶ የሚነሣ ጥይት አለና። ቀጥሎ ካዝናው ይውጣ። መቀባበያው ተስቦ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ይውጣ። የወጣውን አንሥቶ ማየት ነው፤ አረሩ ያለበት ሙሉ ፍሬ ከሆነ ጥይቱ ከሽፏል፣ አፈሙዙ ነፃ ነው። ባዶ ቀለህ ከወጣ አረሩ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ያኔ የክላሹ የላይ ክዳን ይነሣ፣ ሞላው ይውጣ፣ መዝጊያው ከነተሸካሚው ይውጣ። መዝጊያ የሌለው ጠመንጃ አይተኩስም፤ አሁን ወደ አፈሙዙ መመልከት ይቻላል። ከጉሮሮው በኩል ነጭ ወረቀት ይዞ ከፊት ሲታይ ክብ፣ ሙሉ ብርሃን መታየት አለበት። ከአፈሙዙ ስር የተሰካችውን መወልወያ ዘንግም ከፊት አስገብቶ መሞከር ነው፤ ዘንጓ እስከ ኋላ ካልዘለቀች መንገዱ ተዘግቷል። ከተዘጋ እዚያ ላይ ይቁም። በሌላ ጥይት ማስወጣት፣ በእሳት ማጋል፣ በመዶሻ ማንኳኳት አያስፈልግም። ወደ መሣሪያ ጠጋኝ ይሂድ። ከዚያው ከረጢት የቀሩትን ጥይቶችም አትተኩሱ፤ አንዱን ያበላሸው እርጥበት ሌሎቹንም አልማራቸውም።

ዳንግላ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነውና አንድ ነገር እንጨምር። ክረምት ላይ ውኃ እንዳይገባ አፈሙዝ ላይ ጨርቅ የሚወትፉ አሉ። ያ ወታፍ ተረስቶ ቢተኮስ ውጤቱ ከተወተፈው አረር ጋር አንድ ነው። ጭቃም፣ የደረቀ ቅባትም እንዲሁ። ወታፍ ካስፈለገ ረጅም ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠልበት።

ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ በራሱ የወጣው አረር የሆነ ቦታ ተመልሶ ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ለወንድምህ ሠርግ ሳይሆን ለሚመጣው ሠርግ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ጫፋቸው አረንጓዴ የተቀባ የክላሽ ጥይቶች አሉን። የቀለሙ ትርጉም ምንድን ነው?
*አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም*

መልስ፦ በሶቪየት ሥርዓት የክላሽ አረር ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ከኋላው እየነደደ የሚሄድ፣ መንገዱን በብርሃን የሚያሳይ ጥይት ነው። እስከ 800 ሜትር ድረስ እየነደደ ይሄዳል። ከጥቅምት ወዲህ ሣሩ ሲደርቅ፣ የጤፉ ክምር አውድማ ላይ ሲቆም፣ ቤቱም ሣር ክዳን ሲሆን አንዲት ፍሬ የዓመት ልፋት ልታቃጥል ትችላለች። ዝንጀሮና ጅብ ለማባረር ብላችሁ አትተኩሱት።

ጥቁርና ቀይ የተቀባ ካገኛችሁም ተራ ጥይት አይደለም፤ ለፖሊስ አስረክቡ። የአንዱን አገር ቀለም በሌላው አትተርጉሙ። በኤም 16ቱ 5.56 ላይ አረንጓዴ ጫፍ የሚነድ ጥይት ማለት አይደለም፤ በሩሲያው 7.62×54 ላይ ደግሞ አረንጓዴው ያው የሚነደው ነው።

ጥያቄ፦ ጥይቶቻችንን ከከብቶቹ ጋጣ በላይ ባለው ቆጥ ላይ በከረጢት እናስቀምጣለን። አንዳንዶቹ አረንጓዴ አወጡ፣ የሁለቱ አንገት ተሰነጠቀ። አሁን በላምባ አጥበን አድርቀናቸዋል። ደህና ናቸው?
*አንባቢ፣ ከአዴት*

መልስ፦ አይደሉም። ግን ጥያቄዎ ብዙ ቤት የሚያስተምር ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሰው።

ቢጫው ቀለህ ናስ ነው፤ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። ከከብትና ከፈረስ ሽንት የሚነሣው ዓይንን የሚያስለቅስ ሽታ አሞኒያ ነው። አሞኒያና እርጥበት ሲገናኙ በፋብሪካ ተጨምቆ የተሠራን ናስ ከውስጥ ይበሉታል፤ በተለይ አረሩ የተጠበቀበትን አንገት። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ ውስጥ ያስቀመጡት ጥይት እንዲሁ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር። የአዴት ክረምትና የእናንተ ጋጣ ያንኑ ነው የደገሙት።

የተሰነጠቀ አንገት ሲተኮስ ጋዝ ያመልጣል፣ አረሩም ልቅ ስለሆነ ሲቀባበል ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። የሰመጠ አረር ባሩዱን ያጨናንቃል፤ ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ የክላሹን ፍሬ ሲለኩት ከ56 ሚሊ ሜትር ግልጽ ሆኖ ካጠረ፣ ወይም በጣት ሲነካ አረሩ ከዞረ፣ ከጥይቶቹ ለይተው ያውጡት። በመቆርጠጫ ስቦ መመለስም አይሆንም።

ላምባው ሁለተኛ ጥፋት ነው። ላምባና ዘይት ስስ ስንጥቅ ተከትለው ይገባሉ፤ ቂጡ መሀል ያለውን ማቀጣጠያ ያረጥቡታል። ጥይቱ ከውጭ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ሞቷል። ግማሹ ከሞተ ደግሞ ቅድም ለዳንግላው ወጣት የነገርነው «ጡሽ» ይመጣል። ዘይት የተቀባ ቀለህ ሌላም ጣጣ አለው፦ ግድግዳው ላይ መለጠፉን ትቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መዝጊያውም ካልተሰላለት ክብደት ጋር ይጋጫል። ጥይት የሚጸዳው በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው። በአመድና በአሸዋ ማሸትም ቀለሁን ያሳሳል።

ሥራውን እንዲህ ያድርጉት። የታጠቡትን በሙሉ ለብቻ አስቀምጠው ያስረክቡ። ያልታጠቡትን ቂጥ፣ ወገብና አንገት አንድ በአንድ በቀን ብርሃን ይዩ። ደብዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ብቻውን ነውር የለበትም። አረንጓዴው በጨርቅ ሲጠረግ ስሩ ጉድጓድ ካለው ግን ናሱ ተበልቷል። ብረት ቀለህ ያላቸው አይሰነጠቁም፤ ግን ቀለማቸው የተላጠበት ቦታ ይዝጋል፤ የዛገውን ፍሬ ጉሮሮው ነክሶ ያስቀረዋል። የተረፉት ደረቅና ላስቲክ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይግቡ፤ ከጋጣውም፣ ከምድጃውም ይራቁ። ጢስ ማድረቂያ ይመስላል እንጂ ሙቀቱ ባሩዱን ያስረጃል። ሳጥኑ ቁልፍ ይኑረው፤ ጠመንጃው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ልጅ የሌለበት ቤት በጎጃም የለም።

አሮጌ የሶቪየት ጥይት የሚተኩስ ሰው ደግሞ ጠመንጃውን በዚያው ቀን ያጽዳ። የብዙዎቹ ማቀጣጠያ ውስጥ ያለው የፖታሲየም ክሎሬት ሲነድ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። በጮቄ ጉም ውስጥ ያደረ አፈሙዝ በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ጨው በዘይት አይሟሟም። መጀመሪያ መዝጊያው ወጥቶ አፈሙዙና ጉሮሮው በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ደርቆ ይወልወል፣ ከዚያ ነው ስስ ዘይት የሚቀባው።

ጥያቄ፦ የድርጅት ጥበቃ ነኝ። ማካሮቭ ሽጉጥ ተሰጥቶኛል። ጓደኛዬ «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሁሉም ዘጠኝ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ የቱርክ ሽጉጥ ርካሽ ነው ይለኛል።
*አንባቢ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ የማካሮቭ 9×18 አረር በእውነት 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም ላይ የተለመደው 9×19 ግን 9.01 ብቻ ነው። ስማቸው ዘጠኝ ይሁን እንጂ የተፈቀደላቸው ግፊት በጣም ይለያያል፦ ለማካሮቩ 1600 ባር፣ ለ9×19 2350 ባር። ረጅሙ ማካሮቭ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ አልዘጋም ያለውን መዝጊያ በመዳፍ እየመታችሁ አታስገድዱት። አጭሩ 9×17 ደግሞ ማካሮቭ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይገባል፤ ቀለሁ ያብጣል፣ አረሩ ቀዳዳውን ስለማይሞላ ወዳሰቡበት አይሄድም። ከፈረቃ ሲረከቡ ካዝናውን አውጥተው ስምንቱንም ፍሬ በመዳፍዎ ላይ ይዘርጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ቢረዝም ወይም ቢቀጥን ወዲያው ለአለቃዎ ያሳውቁ።

ርካሽ የሚባሉት ሽጉጦች ውስጥ ብዙዎቹ የተሠሩት ለድምፅ ብቻ ነው። አካላቸው ከዚንክ ቅይጥ የፈሰሰ ነው፤ የሚበሉትም አረር የሌለው ጥይት ነው። አንድ ሰው አፈሙዛቸውን በስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ካደረጋቸው የፊቱ ጉዳይ ቢያልቅ የኋላው አላለቀም። ዚንኩ ያንን ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም፤ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ መዝጊያው ወደ ተኳሹ ፊት ይበራል። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። አይግዙ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ። ትቶት የሄደው ሳጥን ውስጥ የተደባለቀ ጥይት አገኘሁ፤ ትልቅም ትንሽም አለ፣ ግማሹ ዝጓል። ጎረቤቶቼ «እሳት ውስጥ ጣዪው» ወይም «ዓባይ ውስጥ ወርውሪው» ይሉኛል። ልጆች አሉኝ።
*አንባቢ፣ ከደጀን*

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እሳት ውስጥ አትጣይው። ጥይት በጠመንጃ ውስጥ ባይሆንም በእሳት ይፈነዳል። አፈሙዝ ስለሌለ አረሩ እንደ ተተኮሰ አይሄድም፤ ቀለሁ ግን ተቀዳዶ ስለታም ስባሪው ይበታተናል፣ ማቀጣጠያዋም እንደ ጠጠር ትወረወራለች። ለዓይን ይህ ይበቃል። ወንዝ ውስጥ የተጣለውም ውኃው ሲጎድል እረኛ ልጅ እጅ ላይ ይወጣል፤ የተቀበረውም የሚያርስ ሰው ማረሻ ላይ።

ከሳጥኑ አንድም ፍሬ አትለዪ፣ አታጥቢ፣ በመዶሻ ወይም በመቆርጠጫ ለመክፈት ለሚጠይቅሽም አትስጪ። አሮጌ ጥይት «ለመታሰቢያ» ብሎ የሚወስድ ዘመድም ይኖራል፤ አረሩ ያለበት ፍሬ መታሰቢያ አይሆንም። ልጆች ወደማይደርሱበት፣ ከእሳት የራቀ ደረቅ ቦታ ላይ ክዳኑን ዘግተሽ አስቀምጪው። ከዚያ ብቻሽን ተሸክመሽ አውቶቡስ ላይ አትውጪ፤ ወደ ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ወይም በቀበሌው በኩል አስጠርተሽ «ከሟች ባለቤቴ የቀረ ጥይት አለ፣ መጥታችሁ ውሰዱልኝ» ብለሽ አስመዝግቢ። ሲወስዱት የፍሬውን ብዛት ጽፈው ማኅተም ያለበት የመረከቢያ ወረቀት ይስጡሽ፤ ወረቀቱን ከባለቤትሽ ሰነዶች ጋር አኑሪው። ጠመንጃም ካለ ፈቃዱ በእሱ ስም ስለሆነ በዚያው ቀን ጨምረሽ ንገሪያቸው።